ማንም አላዘዘኝም

ቆሰበር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤተል የኋላሸት፣

የጌታ ሰላም ባለሽበት ይብዛልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጠብታው ረድቶኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። አልረዳኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ከከተማው ጄኔሬተር አጠገብ የቆመ ጆሮ በጠብታ አይመለስም። የላክሽልኝን ስልክ ያየ ሁሉ ያምራል ይለኛል፤ እኔ ግን በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኪሴ ውስጥ አይጥ የገባ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮው ጻፊልኝ። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ በአማርኛ ቀስ ብሎ ከተናገረ ከከንፈሩ አነባለሁ። ደብዳቤ ግን ከሁሉ ይሻለኛል፤ ሰው ሳላስቸግር ደጋግሜ አየዋለሁ።

ሹመትሽን የሰማሁት ካንቺ አይደለም። እሁድ ወንጌላዊ ዮናዳብ መድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር ምእመኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰው የሞተብኝ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ኋላ በወረቀት ጻፉልኝ፤ «ቤተል የዩኒቨርሲቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች» ይላል። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ተማሪ ሳለሽ «መሐንዲስ ወንበር ሲያገኝ ሽቦውን ይረሳል» ትይኝ የነበረው ትዝ አለኝ።

የምታምኚው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከዚህ አገር እንድፈልግልሽ ላልሽው፣ ሩቅ አልሄድኩም። ስማቸው የሚባለውን ልጅ ታውቂዋለሽ፤ ጓሮ ካለችው ክፍል ተከራይቶ የሙያ ትምህርቱን ሲማር የነበረው፣ የጥርባዋ የይታይሽ ልጅ ነው። ጨርሷል። ቁጥብ ነው፤ ያልገባውን ገባኝ አይልም። ይታይሽ ከእሱ ሌላ የሚያርስላት ስለሌላት ገበያ ላይ አግኝቼ አማከርኳት። «እዚያ ሩቅ አገር ማን ያይልኛል?» አለች። «ልጄ» አልኳት። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው።

አባትሽ የኋላሸት


ኅዳር 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአባዬ፣

እንዴት ከርመዋል? ብርዱ ጉልበትዎን እንዳይዘው እሰጋለሁ። ሹመቱን ከሌላ ሰው መስማት አልነበረብዎትምና ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ጉራ እየመሰለብኝ ነው።

አገሩ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ለቆሰበር ጉም የተፈጠረ ሰው እዚህ ጥላ ሥር ተቀምጦም ይቀልጣል። ሥራሽ ምንድን ነው ላሉኝ ደግሞ፣ ውሃ፣ መብራት፣ የተማሪ ምግብ ቤት፣ ጥበቃ፣ መኪና፣ ከሁሉ በላይ ግንባታ ነው። ድሮ አስተምር ነበር፤ አሁን ከተቋራጭ ጋር እጨቃጨቃለሁ። በስብሰባ ከአሥራ አንድ ወንዶች ጋር የምቀመጠው እኔ ብቻ ነኝ። ስለ ትራንስፎርመር ስናገር ሰዎቹ ወደ አማካሪው መሐንዲስ ዞረው «እንዲህ ነው እንዴ?» ይሉታል። እሱ ተማሪዬ ነበር። ያፍርና አቀርቅሮ «አዎ» ይላል።

ስማቸው በሰላም ደርሷል። የሚያድርበት ክፍል አሰጥቼዋለሁ። ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሣል፤ አትነሣ ብለውም አልሰማኝ አለ። ለእናቱ ደህና ነው ይበሉልኝ።

ልጅዎ ቤተል


ቆሰበር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ቤተል፣

ለፋሲካ አለመምጣትሽን አልተቀየምኩም። ሥራ ነው። ብቻ ሁለት ሰሐን አቅርቤ ነበርና አንዱን መልሼ አነሣሁት።

ስለዚያ አዲስ ሕንፃ የጻፍሽው ገብቶኛል። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተር አስገብተው፣ ሰው ለጥገና ሲገባ ጄኔሬተሩ እንዳይነሣ የሚይዘውን መቆለፊያ ሳያበጁለት «ተረከቢን» ካሉሽ፣ አለመፈረምሽ ልክ ነው። «አበዛሁት እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አላበዛሽም። እኔ በሠራሁበት ዘመን ጄኔሬተር የሚነሣው በሰው እጅ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ ነበር የምዞረው።

ይታይሽ የስማቸውን ደብዳቤ አስነበበችኝ። «እትዬ ቤተል እንደ ታላቅ እህት ታየኛለች፤ አታስቢ» ይላል። ደግመህ አንብብልኝ ብላ ደገምኩላት። ከዚያ ተቀብላኝ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

አባትሽ


ሰኔ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

አባዬ፣

ለሁለት ደብዳቤዎ መልስ ሳልሰጥ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ርክክቡ ምን ላይ ደረሰ ላሉኝ፣ አልቋል። ሕንፃው በግንቦት መጨረሻ ተመርቋል። ብዙ እንግዳ ነበር።

ስማቸው ትንሽ ጉዳት ደርሶበት ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞቹ ይድናል ብለዋል። ለእናቱ ለጊዜው አሞት ነው ብቻ ይበሉልኝ። ዝርዝሩን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ቤተል


ቆሰበር፣ መስከረም 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለቤተል፣

ክረምቱ እንዴት አለፈ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ክረምቱ አልፏል። ስማቸው መጥቷል።

«ትንሽ ጉዳት» ብለሽ የጻፍሽልኝን ወረቀት አውጥቼ አየሁት። ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ የለም። አንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ ተቃጥሎ ቆዳው ተጨምድዷል። ይታይሽን «አሞት ነው» እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ያባበልኳት እኔ ነኝ። ከሚኒባስ ሲወርድ አብሬያት ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሏት በአጠገቡ አለፈች።

በጥፋቱ ነው ተብሎ ከሥራ መሰናበቱን ነገረኝ። ፊት ለፊቴ አስቀምጬ «ማን አዘዘህ?» አልኩት። «ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ የገባሁት» አለ። ከንፈሩን በደንብ አይቻለሁ። «ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሣው ነው?» አልኩት። «አዎ።» «መቆለፊያው ተበጅቶለት ነበር?» ይህን ስጠይቀው ወደ መሬት አየ። ፊቱን ያዞረብኝን ሰው እኔ ልሰማው አልችልም።

እርሻው ጦሙን አድሯል። በአንድ እጅ እርፍ ይዞ በሬ መንዳት አይቻልም፤ ሞክሮ ነበር። ይታይሽ ማሳው ዳር ቆማ አየችው።

እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።

አባትሽ


ጥቅምት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በስማቸው ላይ በደረሰው አደጋ እኔም ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶኛል። ጉዳዩ አምስት አባላት ባሉት አጣሪ ኮሚቴ ተመርምሯል። በሪፖርቱ መሠረት ሠራተኛው ከኃላፊው ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ገብቷል፤ አደጋው የደረሰው በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑም ተረጋግጧል። ሠራተኛውም ይህንኑ በቃሉ አምኗል። ሕክምናው በዩኒቨርሲቲው ተሸፍኗል።

ሌላው፣ ለፕሬዚዳንትነት ከቀረቡት ሦስት እጩዎች አንዷ ሆኛለሁ። ሴት እጩ ስትቀርብ እዚህ የመጀመሪያው ነው። በጸሎት ያስቡኝ።

ቤተል


ቆሰበር፣ ጥቅምት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እየደጋገምኩ አነበብኩት። ይህን የጻፈው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ልጄ አይደለችም። «ሠራተኛው» የምትዪው ጓሯችን የኖረ ልጅ ነው። አንቺ ለዕረፍት ስትመጪ ሻንጣሽን ከመናኸሪያ በትከሻው ተሸክሞ የሚያመጣው እሱ ነበር።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያለ መቆለፊያ አልረከብም ብለሽኝ ነበር። ማን ተረከበው?

አባትሽ


ኅዳር 7 ቀን 2007 ዓ.ም.

አባዬ፣

እኔ ተረከብኩት።

ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን ፈረምኩ። የምረቃው ቀን ተቆርጦ እንግዶቹ ተጠርተው ነበር። ፕሬዚዳንታችን ቢሮው አስጠርቶኝ «ሴት ስለሆነች ፈራች እንዳይሉሽ ነው የምሰጋልሽ» አለኝ። በክፉ አልነበረም፤ የተቆረቆረልኝ መስሎት ነው። ተማሪ ሳለሁ ምሰሶ ላይ ስወጣ ከሥር ቆመው የሚስቁብኝ ነበሩ። ከዚያ ጀምሮ ፈራች እንዳልባል ያላደረግኩት የለም። ከፊርማዬ በታች «መቆለፊያው በኋላ ይሟላል» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ አልተሟላም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የምረቃው ቀን፣ ንግግሩ መሐል ላይ፣ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። አዳራሹ ሙሉ ሰው በጨለማ ተቀምጦ ማጉረምረም ጀመረ። ወጥቼ ለስማቸው ደወልኩ። ክፍሉ በር ላይ ደርሶ ነበር። «እትዬ፣ ጄኔሬተሩ ድንገት እንዳይነሣብኝ የሚጠብቀው ሰው ላቁምበት። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ» አለኝ። «አምስት ደቂቃ የለንም። ግባ» አልኩት።

ገባ። ጄኔሬተሩ ያኔ ተነሣ። መብራት መጣ፤ ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፣ አባዬ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው ጥበቃው መጥቶ የስማቸውን መጎዳት በጆሮዬ የነገረኝ።

አጣሪ ኮሚቴው ሲጠይቀው እኔም በኃላፊነቴ ተቀምጬ ነበር። ትከሻው በፋሻ እንደተጠቀለለ አመጡት። «ማን አዘዘህ?» አሉት። አየኝና «ማንም አላዘዘኝም» አለ። አፌን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲያ ቀኑ በጨመረ ቁጥር ነገሩ እየከበደኝ ሄደ። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድም እሱ አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁትም። ስለ አየሩ አወራን።

ምን ላድርግ?

ቤተል


ቆሰበር፣ ኅዳር 26 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ፣

ቅዳሜ ጥርባ ሄጄ ነበር። ይታይሽ ድንች ቀቅላ፣ ሚጥሚጣ ጨምራ አቀረበችልኝ። መብላት አቃተኝ። ሆዴን አሞኛል አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። እሷም አምናኝ ጤና አዳም ቀጥፋ ሰጠችኝ።

ምን እንደምታደርጊ አልነግርሽም። አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፤ ውድቀቱም ያንቺ ነው፣ ልሸከምልሽ አልችልም። እኔ ግን እውነቱን ካልያዝኩ ከእንግዲህ እዚያ ቤት አልገባም። «ልጄ ታይልሻለች» ያልኳት እኔ ነኝ።

ጸሎት ጠይቀሽኛል። እጸልያለሁ፤ ስለ ፕሬዚዳንትነቱ ግን አይደለም።

አባትሽ


ጥር 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

አባዬ፣

ለገና ባለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ነገሩ ሳያልቅ ልጽፍልዎ አልፈለግኩም።

ታኅሣሥ ስድስት ቀን ሁሉንም ጽፌ ለቦርዱ አስገባሁ። ፊርማውን፣ የስልኩን ትእዛዝ፣ ኮሚቴው ፊት ዝም ማለቴን። ፕሬዚዳንታችን በግል አነጋገረኝ። «ልጁ ራሱ አምኗል፣ ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። የቀለድኩበት መሰለው።

ከእጩነት ወጥቻለሁ። ከምክትልነቴም ተነሥቻለሁ። ፋይሌ ወደ ሕግ ክፍል ተመርቷል፤ ልከሰስ እችላለሁ። የስማቸው ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ተስተካክሏል፣ የሚገባውንም ያገኛል። አንዳንድ ሴት መምህራን ተቀይመውኛል። አንዷ «ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት በራችንን ዘጋሽብን» አለችኝ።

ከሁሉ የከፋው የስማቸው ነው። ስነግረው ደስ የሚለው መስሎኝ ደወልኩለት። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ። ከዚያ «ማን ያስተካክሉ አለዎት?» አለና ዘጋው። ደግሜ ብደውል አላነሣም።

ከዚህ ጋር ለእማማ ይታይሽ የጻፍኩትን ልኬያለሁ። ለእርስዎ የነገርኩዎትን ሁሉ ለእሳቸውም ጽፌዋለሁ። ካልከበደዎት ቢያነቡላቸው? ራሴስ ልምጣ ወይ?

ቤተል


ቆሰበር፣ ጥር 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ቤተል፣

አንብቤላታለሁ። እንዴት እንደሆነች ማወቅ ትፈልጊያለሽና እንዳለ እነግርሻለሁ።

ደጃፏ ላይ ገብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ስማቸውም ነበር። ወረቀቱን ሳወጣ «አያንብቡት» አለኝ። እሷ «ያንብብ» አለች። ድምፄ ምን ያህል እንደሚጮህ ስለማላውቅ ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። «አምስት ደቂቃ የለንም» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ወደ ልጇ ዞራ በአዊኛ ተናገረችው። የአዊኛ ከንፈር ማንበብ አልችልም። እሱም መለሰላት። ብዙ ተነጋገሩ፤ እኔ መሐላቸው ወረቀት ይዤ እንደ ግንድ ቆምኩ። በመጨረሻ እሱ ተነሥቶ ወጣ።

ጨረስኩላት። አላለቀሰችም፣ አልረገመችሽም። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳነበው ፊቴን እያየች እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄን የወሰደችው በሰው አፍ አስጠርታ ነው። አሁን ደግሞ ወረቀት ላከች። እግር የላትም?»

ይኸው ነው። ልምጣ ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ መልሱ ከእሷ መጥቷል።

ልሸኝሽ አልችልም። እዚያ የምትሄጂው ብቻሽን ነው። ቤቱ ግን ክፍት ነው፤ አልጋሽ እንደነበረ አለ።

አባትሽ የኋላሸት


ዳንግላ፣ መጋቢት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአባዬ፣

እንደምን አሉ? በቤት ሳላልፍ በመሄዴ አዝነውብኝ እንደነበር በላኩት መልእክት ገባኝ። ከጥርባ ስመለስ ሚኒባሱ እዚያው ቆሰበር፣ እንጅባራ መናኸሪያ ቆሞ ነበር፤ ከደጃችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አልወረድኩም። ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ጮክ ብዬ የምናገረው ነገር አልነበረም። በወረቀት ይሻለናል።

ሥራው እንዴት ነው ላሉኝ፣ ደህና ነው። አሁን የምሠራበት የሙያ ኮሌጅ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ ምን አምጥቶሽ ነው ብለው አልጠየቁኝም፤ ሰምተዋል መሰለኝ። የሽቦ ሥራ አስተምራለሁ። የሕግ ክፍሉ እስካሁን አልጠራኝም።

ጥርባ የደረስኩት ጠዋት ነው። እማማ ይታይሽ ከበሩ ላይ አዩኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ግቢም ሂጂም አላሉኝ። የግቢው ግንብ ሥር ቆምኩ። ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ቆምኩ። ብዙ ቆይተው በርጩማ አምጥተው ከጣራው ጠርዝ ሥር አስቀመጡልኝና እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«በይ፣ ተናገሪ» አሉኝ።

ተናገርኩ። አማርኛው ሲያጥረኝ በልጅነቴ ባወቅኳት አዊኛ ጨመርኩበት። ስጨርስ ያላሰብኩትን ጠየቁኝ።

«አምስት ደቂቃ ምን ያህል ነው?»

አልገባኝም ነበር።

«እኔ ሰዓት የለኝም። ከዚህ ተነሥቼ ምንጩ ጋ ደርሼ እንደመመለስ ነው?»

ምንጩ ከዛፎቹ ሥር ይታያል። «ያን ያህልም አይሆንም» አልኳቸው። «ምንጩ ጋ ደርሰው እንስራውን እስኪያወርዱ ነው።»

ወደ ምንጩ አዩ። ዐይናቸው መንገዱን ተከትሎ ወርዶ እንደገና ሲመለስ አየሁት።

ስማቸው ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሳየው ተነሣሁ። በግራ እጁ ትንሽ መዶሻ ይዞ ነበር፤ የጎረቤት ራዲዮና አልጋ ይጠግናል አሉኝ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፣ እርስዎ እንዲፈርዱ አይደለም፤ ብቻዬን ልይዘው ስላልቻልኩ ነው።

«እትዬ፣ እኔ ኮሚቴው ፊት ማንም አላዘዘኝም ስል ይቅር ብዬዎት ጨርሼ ነበር» አለኝ። «እጄን ከፍዬ ያገኘሁት እሱን ነበር። ሰው አድኛለሁ እያልኩ ነበር ክረምቱን የተኛሁት። አሁን እሱንም ወሰዱብኝ። የሐሰት ምስክር አደረጉኝ። ልክ ነው ያደረጉት፣ አውቃለሁ። ግን እንደገና ከመጀመሪያው ይቅር ልልዎት ነው፤ ያኔ የነበረኝ ጉልበት አሁን የለኝም።»

«ጠብቃለሁ» አልኩት።

«ይጠብቁ» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የማደርገው ስላልነበረ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። እማማ ይታይሽም ተነሡ። ቀድመውኝ መንገድ ሲጀምሩ ሊያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረውኝ ወረዱ። ጭቃው የሚያዳልጠው ጋ ስንደርስ ቆመው እስክሻገር ይጠብቁኝ ነበር፤ እጃቸውን ግን አልሰጡኝም። መንገዱ ዳር ጎን ለጎን ቆምን። ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ አለፈን። ዝናቡ በረታ። ይመለሱ ብላቸውም እንዳልሰማ ሆኑ። ሦስተኛው መጥቶ እኔ እስክሳፈር ድረስ አልተመለሱም።

ልጅዎ ቤተል